ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር

የዘንድሮ ሚያዝያ ባሕር ዳርን አነደዳት። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጣና በኩል የሚመጣው ንፋስ ራሱ ሞቅ ያለ ነው። ከዘንባባዎቹ ጥላ ሥር ትንሽ ሳይቆም የሚያልፍ ሰው የለም። እንዲህ ባለ ቀን ነው አባቴ የደወለልኝ።

«ልጄ፣ ኮምፒዩተሩ ድርግም አለብኝ። በዚህ ሳምንት አራተኛው ነው።»

ምን እየሠራ እንደነበር ጠየቅኩት። የእድሩን መዝገብ እያስገባ ነበር። ሴቭ ያላደረገው የሃያ ደቂቃ ሥራ አብሮ ሄደ። አልተናደደም። ተስፋ የቆረጠ ድምፅ ነው የሰማሁት፤ ከንዴቱ ይልቅ እሱ ከበደኝ።

ቤታችን ውስጥ ለዚህ ነገር መልስ ያላዘጋጀ አልነበረም። ወንድሜ «አርጅቷል፣ በቃ ላፕቶፕ እንግዛለት» አለ። እናቴ «እሱም እንደኛ ደክሞት ነው» አለች። ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ የምናውቀው ልጅ፣ በስልክ ብንነግረው ገና ሳያየው «ፎርማት ይደረግ» አለን።

እኔን የቆጨኝ «አርጅቷል» የምትለዋ ቃል ናት። ስንት ደህና ዕቃ በእሷ ተጥሏል! ዕቃ አሥራ አምስት ዓመት ስለሞላው ብቻ አይጠፋም። አንድ ነገሩ ተሰብሮ ነው፣ ወይ ላልቶ፣ ወይ ደርቆ፣ ወይ ተደፍኖ። ያን ነገር ሳይፈልጉ አርጅቷል ማለት፣ ሐኪም አዛውንት በሽተኛን እጁን ሳይዝ «ዕድሜ ነው» ብሎ እንደ መሸኘት ነው።

ኮምፒዩተሩን በ2002 ዓ.ም. የገዛሁት እኔ ነኝ። ያኔ ፔዳ በር አካባቢ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ነበረችኝ። ፔዳ የምንለው የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ነው። መምህራን ይሠለጥኑበት በነበረበት ዘመን የወጣለት ስም ዛሬም አልለቀቀውም። ግንቦት ሲገባ ተመራቂዎች በእጃቸው የጻፉትን የመመረቂያ ወረቀት ይዘው ይሰለፋሉ። ሌሊቱን ስንጽፍ እናድራለን። በፓወር ግዕዝ የመታሁት ገጽ ቁጥር የለውም። ታናሽ ወንድሜን ያስተማረችው ያቺ ቤት ናት። ቤቷን ያቆማት ደግሞ ይህ ማሽን ነው።

ቤቷን ስዘጋ ለአባቴ ሰጠሁት። ከፔዳ ሽምብጥ ድረስ በባጃጅ ነው የወሰድነው። ጭኔ ላይ አቅፌው፣ ኮብልስቶኑ ላይ እየዘለልን። ይህን ጉዞ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ነው። የእድራቸው ጸሐፊም ነው። ከእሱ ሌላ የቤተሰባችንን የትውልድ ሐረግ እየጻፈ ነው። ሰባት ቤት ድረስ፣ በእናትም በአባትም። የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እያለፉ ስለሆነ ይቸኩላል። ስለዚህ ማሽኑ ድርግም ባለ ቁጥር የሚጠፋው ፋይል ብቻ አይደለም፤ አባቴ ከሞት ጋር የያዘው እሽቅድምድምም ይስተጓጎላል። ላፕቶፕ ቢገዛለትም ያቺን ኪቦርድ አይተዋትም። ፊደሎቹን ጣቶቹ ያውቋቸዋል።

በማግስቱ ከዓባይ ማዶ በአዲሱ ድልድይ ተሻግሬ ሄድኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መብራት ነው። እኛ አገር ኮምፒዩተር በድንገት ሲጠፋ ማን ሌላ ይጠረጥራል? ይህን መለየት ግን ቀላል ነው። ሲጠፋ የክፍሉ አምፖል በርቷል? መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ያለችው መብራት በርታለች? ሞኒተሩ ሲግናል የለም ይላል ወይስ አብሮ ጨልሟል? አባቴ ሦስቱንም አስተውሎ ነበር። አምፖሉ በርቷል፣ ዩፒኤሱ በርቷል፣ ሞኒተሩም ኤሌክትሪክ አለው። የጠፋው የኮምፒዩተሩ ሳጥን ብቻ ነው። ሌላም ነገር ነገረኝ። «ከጠፋ በኋላ ወዲያው ስከፍተው ቶሎ ይጠፋል። ቡና ጠጥቼ ስመለስ ግን ይቆያል።»

ጡረታ የወጣ መምህር እንዲህ ነው። ምርመራውን ግማሽ ጨርሶ ነው የጠበቀኝ። አርፎ ሲነሳ የሚቆይ፣ ወዲያው ሲነሳ የማይቆይ ዕቃ፣ ችግሩ ሙቀት ነው።

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ በሙቀት ሲጠፋ አልተበላሸም። ራሱን እያዳነ ነው። ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰር ውስጥ ሙቀት የሚለካ ነገር አለ። ሙቀቱ ወደ መቶ ዲግሪ ሲጠጋ መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጽሑፉ ይዘገያል፣ ማውሱ ይጎተታል። ያም ካልበቃው ኤሌክትሪኩን ቆርጦ ይጠፋል። አባቴ «ሰሞኑን ሰነፈ» ያለው ያን የመጀመሪያውን ደረጃ ነው። ቫይረስም አልነበረም። ፎርማት ብናደርገው ኖሮ መዝገቡን አጥፍተን፣ ሙቀቱን እዚያው እንተወው ነበር።

የእኛው ፕሮሰሰር ኮር ቱ ዱዎ ነው፣ ኢ 8400 የሚባለው። በ2000 ዓ.ም. ገበያ ላይ የወጣ፣ በሥራ ላይ እስከ 65 ዋት የሚሆን ሙቀት የሚያመነጭ። የድሮውን የ60 ዋት አምፖል በእጁ የነካ ሰው ያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አምፖሉ ያንን ሙቀት በሙሉ መስታወቱ ይበትነዋል። እዚህ ግን ሙቀቱ የሚወጣው አንድ ሴንቲሜትር በአንድ ሴንቲሜትር ከምታህል፣ ቺፕ ከሚሏት ቁራጭ ነው። ስለዚህ ከላይዋ የአልሙኒየም ብረት ይጫናል፣ ሂትሲንክ የሚሉት። እሱ ሙቀቱን በስስ ክንፎቹ ይበትነዋል። በላዩ ያለው ማራገቢያ ደግሞ ይጠርገዋል። ከቺፑ ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ውጭ። መንገዱ ይኸው ነው። ጥያቄው የትኛው ላይ ተዘጋ የሚለው ነው።

ስለ አየሩ አንድ ነገር ልበል፣ ባሕር ዳር ስለሆንን። ከተማችን ሞቃት ስለሆነች ቆላ ትመስለናለች እንጂ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያው በደቂቃ ያንኑ ያህል ጊዜ ይሽከረከራል፣ የሚገፋው አየር ግን ቀለል ያለ ነው። ቀለል ያለ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ብዙ የሰርቨር መመሪያዎች ከ900 ሜትር በላይ ለየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው የክፍል ሙቀት ላይ አንድ ዲግሪ ቀንሱ የሚሉት ለዚህ ነው። ለእኛ ሦስት ዲግሪ ይመጣል። ሦስት ዲግሪ ብቻውን ማሽን አይገድልም። ሌላ ጥፋት ሲጨመርበት ግን ይታወቃል።

ሌላው ጥፋት ደግሞ ፊት ለፊቴ ተነጥፎ ነበር። እናቴ በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል። አቧራ እንዳይገባበት ብላ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች አልብሳዋለች። ሳጥኑ ራሱ ከኮምፒዩተር ጠረጴዛው ሥር፣ በሦስት ጎን በተዘጋችው ሳጥን መሰል ቦታ ተወሽቋል። ጀርባው ከግድግዳው ጋር አራት ጣት አይራራቅም። ሞቃቱ አየር ወጥቶ ግድግዳውን ገጭቶ ያንኑ ይመለሳል። ማሽኑ የራሱን ትንፋሽ እየተነፈሰ ነው የከረመው።

ዳንቴሉን ቀስ አድርጌ አነሳሁት። እናቴ ቅር እንዳይላት «እማዬ፣ ይሄ ለሞኒተሩ ይሁን፣ ማታ ሲጠፋ» አልኳት። ተስማማች።

ከዚያ ሶኬቱን ነቅዬ፣ በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈታሁ። የጎኑ ክዳን ሲነሳ የወጣው ሽታ የአቧራ አልነበረም። ዕጣን ዕጣን ይላል። ስንት ዓመት በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የሚፈላበት ቤት ነው። ጭሱ ከአቧራው ጋር ተጣብቆ፣ በሂትሲንኩ ክንፎች መሀል እንደ ባዘቶ ተነድፎ ተቀምጧል። በጣቴ ስስበው ተቆርጦ አይወጣም፤ እንደ ተፈተለ ጥጥ ተያይዞ ይመጣል። አባቴ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እያየ፣ «የእናትሽን ነጠላ የሚያወጣ ጥጥ አለው» አለኝ።

በቀለም ብሩሽ ጠረግኩት። ብዙ ሰው ማሽኑን ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ያስነፋዋል። እኔም ድሮ አደርገው ነበር፤ አሁን አልመክረውም። የኮምፕሬሰሩ አየር ውስጥ ውሃ አለ። ብትን ብሎ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ሁሉም ነገር በሚሰካበት ዋና ሰሌዳ ላይ፣ ሲያርፍ አይታይም። ግድ ከሆነ መጀመሪያ አየሩን ወደ መሬት እየነፉ ውሃውን ማስወጣት፣ ከሩቅ መያዝ፣ ከሁሉም በላይ ማራገቢያውን በጣት ወይም በእንጨት ማስቆም። በአየር ግፊት ከአቅሙ በላይ የተሽከረከረ ማራገቢያ ውስጡ ይበላል። ዝም ብሎ እየዞረም ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ያም ወደ ቦርዱ ይመለሳል። ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ማንም እቤቱ እንዳይፈታው እለምናለሁ። ሶኬቱ ተነቅሎም ውስጡ የሚቀር ኤሌክትሪክ ሰው ይጎዳል። በብሩሽ ከውጭ ይበቃዋል።

ገጥሜ ከፈትኩት። ድምፁ ቀነሰ። አባቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጻፈ። እናቴ ቡና አፈላች፣ ዕጣኑን ራቅ አድርጋ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ድርግም።»

እውነት ለመናገር፣ ያኔ እኔም «አርጅቷል» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያ ፎርማት ይደረግ ያለው ልጅ አሁን «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» አለ። ወንድሜ የላፕቶፕ ፎቶ መላክ ጀመረ። ለአንድ ሌሊት ተውኩት።

ጠዋት አንድ ነገር ሞከርኩ። የጎኑን ክዳን ሙሉ በሙሉ አውልቄ፣ የቤቱን ትልቅ ማራገቢያ ወደ ውስጡ አዞርኩ። ክፍት አድርጎ መጠቀም ብዙ ቤት የማየው ልማድ ነው። ለዘለቄታው አይሆንም። አቧራ ይገባል፣ ከሐይቁ የሚመጣው ትንኝም አይቀርም፣ አየሩም መንገዱን ይስታል። ለምርመራ ግን ግሩም ነው። ክዳኑ ተነስቶ ሙቀቱ በብዙ ከወረደ ችግሩ የአየር መውጫ ነው። ካልወረደ ችግሩ ከዚያ በፊት ነው፤ ሙቀቱ ገና ብረቱ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው።

አልወረደም።

ሁለተኛው ሙከራ ባዮስ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ሳይከፈት በፊት የሚመጣው ሰማያዊ ገጽ። እዚያ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና የማራገቢያውን ዙር የሚያሳይ ቦታ አለ። ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ አርፏል፣ ቀዝቃዛ ነው። ከፍቼ ቁጥሩን ማየት ጀመርኩ። 41። 50። 63። አባቴ በእጅ ሰዓቱ ይቆጥራል። 74። 82። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ማራገቢያው በሙሉ ጉልበቱ ይጮኻል፣ ቁጥሩ ይወጣል። በአቧራ የታፈነ ማሽን እንዲህ አይደለም። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ወስዶ ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው። በደቂቃ ውስጥ ሲተኮስ፣ ቺፑና ብረቱ አልተገናኙም።

89 ሲል አጠፋሁት። ሶኬቱን ነቀልኩ። ወዲያው ጣቴን ሂትሲንኩ ላይ አሳረፍኩ።

ቀዝቃዛ ነበር።

ቺፑ ሰማንያ ዘጠኝ፣ በላዩ የተጫነው ብረት እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቃዛ። አባቴን እጁን ይዤ አስነካሁት። ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ አልተነካኩም ማለት ነው» አለ። አዎ፣ አባዬ። አልተነካኩም።

ይህ ሂትሲንክ በብሎን የሚታሰር አይደለም። አራት የፕላስቲክ እግሮች አሉት። እያንዳንዱ በማዘርቦርዱ ቀዳዳ ያልፍና፣ ጥቁሩ አናቱ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ከሥር ይከፈታል። አንዷ እግር ሳትይዝ ብትቀር ብረቱ ወደ አንድ ጎን ያነክሳል። ከላይ ሲያዩት ግን አይታወቅም። ማዘርቦርዱን አውጥቼ ገለበጥኩት። ሦስቱ ነጫጭ ጫፎች ከጀርባ ተከፍተው ወጥተዋል፣ በመሀላቸው ጥቁሩ ይታያል። አራተኛዋ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርታለች። ነጭ ብቻ። ጫፏም ተሰንጥቋል።

ያን የባጃጅ ጉዞ አሁን አስቡት። ብረቱ ከባድ ነው፣ ሳጥኑ ሲቆም በጎን የሚንጠለጠለው በእነዚህ አራት እግሮች ነው። ኮብልስቶኑ ሲያዘልለን የተሰነጠቀችው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ሠራ? በቺፑና በብረቱ መሀል የሚቀባ ፔስት አለ። ሁለት ብረት ምንም ያህል ልስልስ ቢሆን ሲገናኝ በዓይን የማይታይ ክፍተት አይጠፋውም። ክፍተቱን አየር ይሞላዋል፣ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ፔስቱ የዚያን አየር ቦታ ይይዛል። እግሯ ስትላላ ፔስቱ ገና እርጥብ ስለነበር ብቻውን ድልድይ ሆኖ ቆየ። ዓመት በዓመት ደረቀ። ዳንቴሉ፣ ባዘቶው፣ የሳሳው አየር፣ የሚያዝያ ሙቀት ሲደማመሩ የቀረችው ትንሽ መሻገሪያም አልበቃችም።

ሂትሲንኩን ሳነሳው ፔስቱ እንደ ኖራ ተሰነጣጥቆ ተፈረፈረ። በሶፍት ጠረግኩት። ከዚያ ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል ጥጥ ነክሬ፣ የቺፑ ላይ ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ አጠራሁት። እስኪደርቅ ጠበቅኩ። አዲሱን ፔስት የአንድ ምስር ፍሬ ያህል መሀሉ ላይ ብቻ ጠብ አደረግኩ። እንደ ቅቤ የሚለቀልቁት አሉ። ሲበዛ ራሱ ሙቀት ይይዛል፣ በጎንም ይፈስሳል። ብረቱ ሲጫነው ራሱ ይሰራጫል።

እግሯን ከአንድ ጥገና ቤት ከተጣለ ሂትሲንክ ላይ ነቅለው ሰጡኝ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም። በሰያፍ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ተቃራኒ፣ ቀጥሎ ሌሎቹን ሁለት ተጫንኩ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። አራተኛዋን አባቴ እንዲጫናት ሰጠሁት። አውራ ጣቱ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ጫናት። ቀጭ። ቦርዱን ገልብጬ አሳየሁት። አራት ነጭ፣ አራት ጥቁር።

ባዮስ ውስጥ አሥር ደቂቃ ቆየን። 38። 41። 43። 44 ላይ ቆመ። ማራገቢያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። የግቢያችን ወፎች ይሰሙ ጀመር። ማታ ጽሑፉን እየጻፈ 58 ደረሰ እንጂ አላለፈም። ሳጥኑን ከጠረጴዛው ሥር አውጥተን፣ በእግሩ እንዳይመታው በትንሽ በርጩማ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቀን አስቀመጥነው።

አባቴ አንድ የተማሪ ደብተር ገዛ። የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳየውን፣ ኮር ቴምፕ የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩለት። ከእድሩ መዝገብ ጎን፣ በሚያምረው የአስተማሪ ጽሑፉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ከዚያም ዲግሪውን ያሰፍራል። ማታ ማታ ይደውላል።

«ዛሬ 61 ነው፣ ልጄ። የአያቴን እናት ዛሬ ጻፍኳት። ውጭውም ከባድ ነበር፣ እናንተ ጋ ዓባይ ማዶ እንዴት ዋለ?»